አንድ ጣቢያ ሲቀራት

እትዬ ጽጌ መሞቷን የሰማሁት ፌርፋክስ ላይ፣ የሐበሻ ምግብ ቤት በበዛበት መንገድ፣ ፓርኪንግ ስፈልግ ነው። ያንኑ ብሎክ ደጋግሜ እየዞርኩ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ተፈራ ነበር፣ የምሠራበት ምግብ ቤት ባለቤት። ጋሼ ተፈራ ከደወለ ስለ ሺፍት ነው፣ ሌላ ወሬ የለውም። ስለዚህ «ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ አልገባም» ብዬ ነው ያነሳሁት። ስለ ሺፍቱ አላነሳም። ከዚያ «መክሊት፣ መኪናሽን አቁሚ» አለኝ። ቦታ የለም እኮ አልኩት። «የትም አቁሚ፣ ቀይ መስመር ላይም ይሁን» አለኝ። ያኔ ገባኝ። ጋሼ ተፈራ የፓርኪንግ ቅጣት የሚያመጣ ምክር ሰጥቶኝ አያውቅም።

ልቅሶው ልጇ ሔኖክ ቤት ነው፣ ሚድ ዊልሻየር። ሊፍቱ ውስጥ ትሪ የያዙ ሁለት ሴቶች አብረውኝ ወጡ። አንደኛዋ «ያቺን ባቡሯን ሳትጨርሳት!» አለች። ሌላዋ «አንድ ጣቢያ ነው አሉ የቀራት፣ አንድ!» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ የሊፍቱን ቁጥር እያየሁ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልችልበትም፣ የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ግን የማውቀውን ነገር ከተናገርኩ ለሔኖክ ነው የምናገረው እንጂ ለሊፍት አይደለም።

የባቡሩ ነገር እንዲህ ነው። እትዬ ጽጌ በየዓመቱ በዐቢይ ጾም መካከል ቬትናም ትሄድ ነበር። እዚያ የባቡር መስመሩ ከደቡብ ከሳይጎን ይነሳና አገሩን ከታች እስከ ላይ አቋርጦ ሃኖይ ይደርሳል። ከሃኖይ ደግሞ ሌላ ሐዲድ ይቀጥልና ቻይና ድንበር ላይ፣ ላኦ ካይ የምትባል ከተማ ሲደርስ ያልቃል። እሷ ይሄን ሁሉ በአንዴ አልሄደችውም። አንድ ዓመት ጥቂት ትሄዳለች፣ ለሆሳዕና ትመለሳለች። በሚቀጥለው ዓመት ካቆመችበት ጣቢያ ትቀጥላለች። ፌርፋክስ ላይ ይሄን የማያውቅ የለም። ከፋሲካ በኋላ «እንኳን አደረሰሽ» ካሏት ቀጥሎ የሚመጣው «ዘንድሮ የት ደረሽ?» ነበር። ልቧ መድከም ከጀመረ በኋላ ደግሞ ሁሉም በልቡ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ይቺ ሴትዮ መጨረሻው ጣቢያ ትደርስ ይሆን ወይስ ልቧ ይቀድማት ይሆን?

እኔ ያወቅኳት ወጥ ቤት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው ከአገር ቤት የመጣሁት። ዌስትውድ ፓርኪንግ ሠራሁ፣ ለቀቅኩ። ዳውንታውን ቢሮ አጸዳሁ፣ ለቀቅኩ። የእኔ ነገር ይቅር። ጋሼ ተፈራ ጋ አስተናጋጅ ሆኜ የገባሁ ዕለት እትዬ ጽጌ የኋላ በሩ አጠገብ ቆማ ጎመን ትከትፋለች። አጭር ናት፣ ስኒከር ታደርጋለች፣ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ታወርደዋለች። «እትዬ፣ ላግዝዎት?» አልኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ዎት ስትይኝ ጉልበቴ ይብስብኛል። አንቺ በይኝ።»

አንቺ አልኳት፣ እስከ መጨረሻው። እናቴ ስትሰማ ልትመታኝ ነበር።

ቬትናምን ያገኘችው ከጎናችን ካለው ጥፍር መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ የምትሠራ ቬትናማዊት ሴት በየቀኑ ከእኛ ጎመን ትገዛ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ጽጌ የቤት ኪራይ ጨመረብኝ ብላ ስታማርር፣ ሴትዮዋ «እኔ አገር ሰው በቀን በሃያ ዶላር ተኝቶ፣ በልቶ፣ ተሳፍሮ ያድራል» አለቻት። እትዬ ጽጌ አላመነችም። ልታረጋግጥ ሄደች። በቃ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው።

«ሃያ ዶላር እዚህ ምን ያደርጋል?» ትለኝ ነበር። «ዳውንታውን መኪና ታቆሚበታለሽ። እዚያ እኔን ራሴን ቀኑን ሙሉ ያኖረኛል።»

ጾሙን የመረጠችውም ለዚሁ ነው። በቀን አንዴ፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ያለ ሥጋ ያለ ወተት ከበሉ ጉዞ ይረክሳል። «ከጾምኩ አይቀር ርካሽ አገር ልጹም» ትላለች። ጋሼ ተፈራ በዚህ ጉዳይ በየዓመቱ ያብድ ነበር፤ የእኛ ምግብ ቤት የሚሞላው በጾም ነዋ።

«በሁዳዴ? ሐበሻው ጾም ይዞ፣ ፈረንጁ ቪገን ሆኖ፣ በያይነት ለመብላት በሚሰለፍበት ሰዓት?»

«ሽሮው ተፈጭቷል፣ ምስሩ ተለቅሟል። ሰው ቅጠር፣ ተፈራ።»

«ሰው በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን ይስማል እንጂ ቬትናም ይሄዳል?»

«እግዜር ፌርፋክስ ላይ ብቻ ነው እንዴ ያለው?»

ያባርራታል፣ ለሆሳዕና መልሶ ይቀጥራታል። ሁለቱም ለምደውት ነበር።

ሌላው ሰው ግን በከንቱ ትሄዳለች ብሎ ማመን አቃተው። አንዱ ልብስ እያመጣች ትሸጣለች አለ፣ ሌላው ርካሽ ሕክምና አግኝታ ነው አለ፣ ወንድ አላት ያለም አልጠፋ። ፊት ለፊት የሚጠይቋትም ነበሩ።

«እዚያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ባቡር ውስጥ ልቀመጥ።»

«ባቡር እዚህም አለ እኮ፣ ሜትሮ።»

«የዚህኛው የሚወስደኝ ሥራ ነው።»

ደግሞ የእኛ ሰው ታውቁታላችሁ፣ መንገደኛ ካየ ዕቃ ይጭናል። ጋሼ ወርቁ የሚባል ታክሲ ነጂ ደንበኛ አለን። አንድ ቀን ጫማና ቫይታሚን የሞላ ከረጢት ይዞ ወጥ ቤት ድረስ ገባ።

«በረራሽ ማክሰኞ ነው አሉኝ። ይቺን ለእህቴ። ቦሌ መጥታ ትቀበልሻለች።»

«ወርቁ፣ ቬትናም ነው የምሄደው።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። በአዲስ አበባ በኩል አይደለም?»

«አይደለም።»

ትንሽ አሰበ። «ብታደርጊውስ?»

ሁለት ቀን ሳቅን። ከረጢቱ ግን ከድንች ጆንያው ሥር ተቀመጠ፤ ጋሼ ወርቁ ሐሳቧን ትቀይራለች ብሎ ተስፋ አልቆረጠም።

ከዚያ ልቧ ታመመ። ኦፕራሲዮን ሆነች፣ ተረፈች፤ ሔኖክ ግን ደነገጠ። ዳውንታውን ቢሮ የሚሠራ፣ ጨዋ፣ እናቱን እንደ እንቁላል የሚይዝ ልጅ ነው። ሁለት ጾም «እማዬ ኖ፣ ኖ ማለት ኖ ነው» ብሎ አስቀራት። ያን ጊዜ ነው እትዬ ጽጌን ስታረጅ ያየኋት። ጎመኑን ትከትፋለች፣ ግን አትናገርም። ጋሼ ተፈራ ራሱ፣ በየዓመቱ ሲያባርራት የነበረው ሰውዬ፣ ለሔኖክ ደውሎ «ኧረ ልቀቃት፣ ወጥ ቤቱ ቀብር ሆነብኝ» አለው።

አምና ሔኖክ ምግብ ቤቱ መጣ። እኔ ጠረጴዛ እየጠረግኩ ሰማሁ።

«ስንት ቀረሽ?»

«ትንሽ። ከሁዌ ጣቢያ ወደ ላይ ያለው ብቻ።»

«ኦኬ። ግን ከሰው ጋር። ደግሞ እሱን ከጨረስሽ በቃ፣ ሁለተኛ ስለ ባቡር እንዳልሰማ። ፕሮሚስ?»

እትዬ ጽጌ እጇን ዘርግታ ጨበጠችው። «እሱን ከጨረስኩ በቃ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «መክሊ፣ ያንቺ እግር አይቀመጥም፣ የእኔ ልብ አይነሳም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል። ትሄጃለሽ?»

መጥረጊያዬን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ነው የሄድኩት ማለት ይቻላል።

እዚያ ስንደርስ መጀመሪያ ያደረገችው ሁዌ ጣቢያ ሄዳ ከሦስት ዓመት በፊት የወረደችበትን ቦታ መፈለግ ነው። አንድ ምሰሶ አጠገብ ቆመችና ስኒከሯን አስተካክላ «እዚህ ነበርኩ» አለች። ሄደን እዚያው ካልቆምን ጉዞው አይጀመርም። ሻንጣ የላትም። ሔኖክ ትንሽ ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ይዞት ይሄድ የነበረውን ቦርሳ ነው የምታዝለው፣ ዚፑ ላይ ዳይኖሰር አለው። ውስጡ ነጠላ፣ የልብ ኪኒን፣ ቆሎ እና አንድ ላስቲክ በሶ። ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ላስቲኩን ከፍቶ ዱቄቱን ሲያሸት እኔ እጄን ወደ ላይ ልሰቅል ነበር። እሷ ጣቷን ነክራ ላሰች፣ ከዚያ ላስቲኩን ወደሱ ገፋ አደረገችለት። እሱም ላሰ። ፊቱን አኮሳተረና አሳለፈን።

ሕጓ አጭር ነው። ቀኑ ሃያ ዶላር አለው። ከተረፈ ለነገ አያድርም፣ ሳይተኛ መውጣት አለበት። እኔ ቆጣቢ ሴትዮ መስላኝ ነበር፤ አይደለችም። ማታ ማታ በተረፈው ሙዝ ወይም ብርቱካን ትገዛና አጠገቧ ለተገኘ ሰው ሁሉ ታድላለች፤ ለጠራጊው፣ ለእንግዳ ማረፊያው ዘበኛ፣ ከእኛ ጋር ለሚተኙት ፈረንጆች። በዋጋ አትከራከርም። «ውድ ከሆነ ትቼ እሄዳለሁ። ሴትዮዋ ላይ ምን ያስጮኸኛል?» የእኔን ክርክር ስትሰማ ታፍራለች፣ ከኋላዬ ሆና ሻጯን ይቅርታ ትጠይቃለች፣ በአማርኛ።

የምናድረው ተደራራቢ አልጋ ያለው ክፍል ውስጥ ነው፣ ከእኔ ዕድሜ ልጆች ጋር። እግሩ ሙሉ በንቅሳት የተሸፈነ አንድ ረጅም ልጅ የታች አልጋውን ለቀቀላት። ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ለጸሎት ስትቆም ክፍሉ በሙሉ ጸጥ ይላል። ልጁ ጥርሱን የሚፋቅበትን ውሃ እንኳን ቀስ አድርጎ ነበር የሚከፍተው።

እኔ ጴንጤ ነኝ፣ እንደሷ አልጾምም። «ብይ፣ ማን ያዘሽ» ትለኛለች፣ «ግን ከሃያው ነው።» እሷ ዘጠኝ ሰዓትን ትጠብቃለች። «የየት አገር ዘጠኝ ሰዓት?» ብዬ አበሽቃታለሁ። መሬት ላይ ጥላዋን ታሳየኛለች። «ይሄ የትም አገር አንድ ነው» ትላለች፣ እኔ ዳቦዬን እየገመጥኩ።

ሃኖይ ላይ ነው የዓሣው ጉድ የመጣው። እግረኛ መንገድ ላይ፣ የልጅ የሚመስሉ የፕላስቲክ በርጩማዎች ላይ ተቀምጠን፣ እሷ ሁልጊዜ የምትበላው የአኩሪ አተር አይብ የመሰለ ነገር፣ ቶፉ፣ ከቅጠል ጋር ቀረበልን። ቡናማ ማጥቀሻ ነበረው። አሸተትኩት። ስልኬን አውጥቼ የጠርሙሱን ጽሑፍ አስተረጎምኩ። ሌላ ሰው ዝም ይል ነበር፣ እኔ ግን አፌ አያርፍም።

«እትዬ፣ ይሄ የዓሣ ነው። ዓሣ በጨው አስቀምጠው የሚያወጡት ውሃ ነው።»

ጉርሻው አፏ ውስጥ ነበር። ማኘኳን አቆመች። አልተፋችውም፣ አልዋጠችውም። እያየችኝ ቆየች፣ ከዚያ ዋጠችው።

«ሁሌም ይሄን ነው የሚሰጡኝ» አለች።

«ሁሌም?»

«ከሳይጎን ጀምሮ።»

በልቤ ቆጠርኩ። ስንት ሁዳዴ! ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቀች ነው። ሳቋ ጎረቤቶቻችንንም አሳቃቸው። «የንስሐ አባቴ ምን ይሉኝ ይሆን?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ስግደት ካሉኝ ጉልበቴ አይችልም፣ ሌላ ይፈልጉልኝ።» ስትረጋጋ ግን ሳህኑን ገፋችው። ያላወቀችውን ሳቀችበት፣ ያወቀችውን አልበላችም። ምግቡን የሸጠችልን፣ የእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት፣ ነገሩ ስላልገባት ተጨነቀች። እትዬ ጽጌ እጆቿን ደረቷ ላይ አጋጥማ ነጠላዋን አሳየቻት፣ ማጥቀሻውን እያመለከተች ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ ትንሽ አየቻትና ክንዷን ይዛ መንገድ አሻገረቻት፣ መነኮሳት የሚበሉበት ቤት አስገባቻት። እዚያ ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም። ለካ እነሱም ጨረቃን እየቆጠሩ የሚጾሙበት ቀን አላቸው። እትዬ ጽጌ ወንበሩ ላይ ተመቻችታ ዙሪያዋን አየች። «መክሊ፣ ሰው እኮ ናቸው» አለችኝ፣ ትልቅ ምሥጢር እንደምትነግረኝ። እንደሷ አገር ለአገር የዞረ ሰው ይሄን ስንት ጊዜ እንዳየው አላውቅም፤ በየጊዜው ግን እንደ አዲስ ነበር የሚገርማት።

ከዚያ የመጨረሻው ባቡር። ማታ ከሃኖይ ይነሳል፣ ጠዋት ላኦ ካይ ይደርሳል፤ ባቡር ውስጥ ያደረ የአልጋ ኪራይ አይከፍልም። እሷ መስኮቱ ጋ፣ እኔ መተላለፊያው ጋ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። የላኦ ካይ ምልክት ሥር ሆና ላነሳት ስልኬን ቻርጅ አድርጌያለሁ፣ ፎቶውን ለጋሼ ተፈራ እልካለሁ፣ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል። ነጋ። ቀይ ወንዝ፣ ሙዝ፣ ጉም። ባቡሩ ፎ ሉ የምትባል ጣቢያ ላይ ቆመ። ከመጨረሻው አንድ ሲቀር ማለት ነው።

እትዬ ጽጌ ቦርሳዋን አዘለች።

«እትዬ፣ ገና ነው። የሚቀጥለው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አሞሻል እንዴ? ኪኒንሽ የታለ?»

«ምንም አላመመኝም። ነይ ውረጂ።»

ወረደች። እኔ ማድረግ የምችለው ሌላ ነገር ስላልነበረ እየተቆጣሁ ተከተልኳት። ባቡሩ ጥሎን ሄደ። መድረኩ ላይ ቆሜ ጮህኩባት፣ አዎ፣ እናቴ በምትሆን ሴት ላይ።

«አንድ ጣቢያ! ያን ሁሉ ዓመት መጥተሽ አንድ ጣቢያ ሲቀርሽ ትወርጃለሽ? አብደሻል?»

ጩኸቴ እስኪያልቅ ጠበቀች። ደህና ነበረች፣ እግዚአብሔር ያየኛል፣ ፊቷ ከእኔ ይሻል ነበር። አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ መታ መታ አደረገችልኝ።

«ለሔኖክ ምን ብዬ ቃል ገባሁ?»

«ከጨረስሽ በቃ ብለሽ።»

«እ?» አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። እሷም እንደገባኝ አየች።

«ላኦ ካይ ከደረስኩ ጉዞዬን ጨረስኩ ማለት ነው። ልጄን አልዋሸውም፣ እቀመጣለሁ። ተቀምጬ አይተሽኛል፣ እነዚያን ሁለት ዓመታት። ያልጨረሰ ሰው ግን መመለስ አለበት።» ከዚያ እንደ ልጅ ሳቀች። «በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የምሄደው ገንዘብ አጥቼ መሰለሽ እንዴ?»

ስልኳን አወጣችና ለሔኖክ ደወለች። ድምጿን አድክማ፣ «ሔኖኬ፣ አንድ ጣቢያ ሲቀረኝ ወረድኩ። አዎ፣ ደህና ነኝ። ምን ላድርግ፣ ለከርሞ ነዋ» አለችው። ከስልኩ ውስጥ ሔኖክ «አይዞሽ እማዬ፣ ለከርሞ እኔ ራሴ እወስድሻለሁ» ሲላት ሰማሁ። ስልኩን ዘጋችና መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

«እንዳትነግሪው» አለችኝ።

«እስከ መቼ?»

«እስክሞት።»

እኛ ስንቀልድ ነበር። ቀኑን ፎ ሉ ገበያ ውስጥ ዋልን፣ ማታ የተረፈውን ብርቱካን አደልን፣ ተመለስን። ወጥ ቤት ስትገባ ሁሉም «ወይኔ፣ አንድ ጣቢያ!» እያለ አዘነላት፤ እሷ ጎመኗን እየከተፈች «ምን ይደረግ» ትላለች፣ ከቢላዋው በላይ እኔን እያየች። ዓመቱን ሙሉ ታወራ ነበር። ልቧ ጾሙን አልጠበቀላትም።

ሊፍቱ ተከፈተ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ጋሼ ተፈራ በረንዳ ላይ ብቻውን ቆሟል፣ ጋሼ ወርቁ ወንበር ያመላልሳል። ሔኖክ ሶፋው ጫፍ ላይ ነበር፣ ያ ዳይኖሰር ያለው ቦርሳ እግሩ ሥር። ሲያየኝ ቦታ ለቀቀልኝ። ሰው እንዳይሰማው ጎንበስ ብሎ ተናገረ።

«መክሊ፣ አንቺ ነበርሽ። እውነቱን ንገሪኝ። በጣም ደክሟት ነበር? እነዚያን ሁለት ዓመታት ባላስቀራት፣ አቅም እያላት ትጨርሰው ነበር አይደል? እኔ ነኝ ያስቀረኋት።»

«አልደከማትም» አልኩት።

«ለእኔ ብለሽ አትዋሺ።»

«እኔ መቼ ነው ለሰው ብዬ የዋሸሁት? ቦርሳዋን ራሷ አዝላ ነው የወረደችው። እኔ ነኝ የደከመኝ።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ አግዳሚውን፣ ቃሉን፣ ስልኩን፣ ድምጿን እንዴት እንዳደከመችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ፊቱ ተቀየረ፣ የት እንደሚሄድ አጣ። «ሸወደችኝ» አለ። «እማዬ ሸወደችኝ!» ጮክ ብሎ ነው ያለው። ትሪ የያዙት ሴቶች ዞሩ። ሔኖክ እየሳቀ ነው ወይስ እያለቀሰ ማንም አላወቀም፣ እኔም አላወቅኩም፤ ግን ቦርሳውን አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገው።

ትናንት ደወለልኝ። ለጾሙ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል፣ ቃሉን ሊሞላ ይፈልጋል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ትኬት እየቆረጠ ነው። በሶ የት እንደሚገዛ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «እሺ፣ ከሃኖይ ላኦ ካይ፣ ሁለት ሰው» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት። «ፎ ሉ በል። እዚያ እንወርዳለን።»